ጫካው የወጣ ዕለት

ግሌኒስ ዘጠነኛውን ጋዜጣ ከመደርደሪያው ስባ አወጣችና ከስምንቱ ላይ ደረበችው። የባቡር ጣቢያው ሱቅ ባለቤት ኮሊን ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ ያያታል።

"ዓሳ ልትጠቀልይበት ነው?"

"አርፈህ ሂሳብህን ተቀበል።"

"ገዝተሽ ብትጨርሺው ምን ዋጋ አለው? አገር ምድሩ አንብቦታል እኮ።"

"አገር ምድሩ ሐኪም አይደለም። እኔ የምፈልገው አንዲት ሴት እንዳታነብ ብቻ ነው።"

ጋዜጦቹን ታቅፋ ወደ መኪናዋ ሮጠች፤ የኋላውን እቃ መጫኛ ከፍታ ከላስቲክ ቦት ጫማዎቹ ሥር ወሸቀቻቸው። ክዳኑን ስትዘጋው የአምስት ሰዓቱ ባቡር ወደ ሃርክሊፍ ጣቢያ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጣው በየዓመቱ "ከብሪታንያ ከተሞች ሁሉ አስቀያሚዋና ጭር ያለችው የቷ ናት?" እያለ አንባቢውን ድምፅ ያሰጣል። ዘንድሮ ጎረቤታቸው ቶርንማውዝ እየመራች እንደሆነ ሲሰማ የሃርክሊፍ ሰው ደሙ ፈላ። ቶርንማውዝ በእግር ኳስ ስትደበድባቸው ኖራለች፤ ሆስፒታላቸውንም ወስዳባቸዋለች። አሁን ደግሞ በአስቀያሚነት ልትበልጣቸው? መጠጥ ቤት የነበረው ሁሉ ስልኩን አወጣና ለገዛ ከተማው ድምፅ ሰጠ። ግሌኒስ ብቻዋን አሥራ አንድ ጊዜ ሰጠች። አልበቃ ብሏት አስተያየትም ጻፈች፤ "ሃርክሊፍ? እዚያ ባሕሩ እንኳ በቀን ሁለቴ ይሸሻል።" መጠጥ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሃርክሊፍ አንደኛ ወጥታለች። የግሌኒስ ቀልድም ከዛገው የወደብ ክሬን ፎቶ በላይ በጉልህ ፊደል ታትሟል፤ ከሥሩ "አንዲት ነዋሪ" ይላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሌላ ቀን ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ግሌኒስ በከተማዋ ክሊኒክ በሽተኛ እየተቀበለችና ቀጠሮ እየያዘች መሥራት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አሮጌው ሐኪም ጡረታ ከወጡ ዓመት አለፋቸው፤ በቦታቸው እንዲቀጠሩ የመጡ ሦስት ሐኪሞች አይተው ተመልሰዋል። የዛሬዋ አራተኛዋና የመጨረሻዋ ናት። እሷም እምቢ ካለች ክሊኒኩ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ያኔ የሰማንያ ሦስት ዓመቱ አባቷ ኧርነስት ያንን የማይድን የእግር ቁስል ይዘው፣ ሐኪም ከጠፋ ወዲህ እንደሚያደርጉት፣ በሁለት አውቶቡስ ቶርንማውዝ ሲመላለሱ ሊቀሩ ነው። ከዚህ በላይ እንደማይችሉት ታውቃለች።

ከባቡሩ የወረደችው ቀጭን ጫማ ያደረገች የሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሴት ናት፤ ስልኳን በእጇ ይዛለች።

"ዶክተር ሂራል? እንኳን ደህና መጡ። ግሌኒስ እባላለሁ።"

"ደስ ይለኛል። ከሌስተር እስከዚህ ድረስ ስለ እናንተ ሳነብ ነው የመጣሁት።"

ግሌኒስ ስልኩን አየችው። ስልክ የሚባል ነገር መኖሩን እንዴት ዘነጋችው?

መኪናው ውስጥ ዶክተር ሂራል ስልኳን እያየች አነበበች፤ "'ባሕሩ እንኳ በቀን ሁለቴ ይሸሻል።' እዚሁ የሚኖር ሰው ነው ይላል። ሰው የገዛ ከተማውን እንዴት ይህን ያህል ይጠላል?"

"የቶርንማውዝ ሰው ይሆናላ! ምቀኞች ናቸው" አለች ግሌኒስ። ጆሮዋ ግን ጋለ።

ዋናው ጎዳና ላይ ሲደርሱ ደግሞ ክው አለች። ሥጋ ቤቱ የብረት መዝጊያውን አውርዷል። ፀጉር አስተካካዩ ዝግ ነው። በቀብር ቀን እንኳ ዘግቶ የማያውቀው ጥብስ ዓሳ ቤት ዛሬ ተዘግቷል። ሦስት ሌሊት ያናወጠው ማዕበል ጋብ ብሎ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሆኖም መንገዱ ላይ የሰው ዘር የለም።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለች ዶክተር ሂራል ቀስ ብላ።

"ኧረ በጭራሽ! ትናንት እንኳ..." ግሌኒስ መጨረስ አቃታት። ከቀን ሁሉ ዛሬን መርጠው ይዝጉ? እንባዋ መጣ። እንደዚያ ሆና ነው የሥጋ ቤቱን በር ያየችው። ቁራጭ ካርቶን ተለጥፎበታል፤ በቀይ ቀለም ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎበታል። ፍሬኑን ረገጠችው።

"ጌታ ሆይ! ጫካው ወጥቷል!"

"የምን ጫካ? ከጣቢያው ጀምሮ አንድ ዛፍ አላየሁም።"

"ክሊኒኩ የትም አይሄድብንም ሆዴ፤ ጫካው ግን ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው የሚቆየው" አለችና መሪውን ወደ ባሕሩ አዞረች። "እርስዎ" ማለቱም ተረስቷት ነበር።

ከባሕሩ ዳር መኪናውን አቆመች። "በዚያ ጫማ አይሆንም" ብላ የእቃ መጫኛውን ከፈተች፤ ቦት ጫማዎቹን ስታነሳ ዘጠኙ ጋዜጣ ተገለጠ። ዶክተር ሂራል አየቻቸው። ዘጠኙም ያው አንድ ጋዜጣ ነው።

"ለምድጃ ማቀጣጠያ ነው" አለች ግሌኒስ።

"ብዙ ታነዳላችሁ" አለች ዶክተር ሂራል፤ ሌላም አልጨመረች።

የድንጋዩን ደረጃ ወረዱ። በቀን ሁለቴ የሚሸሸው ባሕር ዛሬ ከመቼውም ይልቅ ርቆ ሄዷል። ማዕበሉ ደግሞ አሸዋውን ጠራርጎ ወስዶታል፤ ከአሸዋው ሥርም ጫካው ወጥቷል። በመቶ የሚቆጠሩ ጥቁር ጉቶዎች ሥራቸውን እንደ ዘረጉ፣ የወደቁ ግንዶች ቅርፊታቸው እንዳለ፣ ትናንት የተቆረጡ መስለው እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ተዘርግተዋል። ከተማው በሙሉ እዚያ ነው። ሥጋ ሻጩ ከነሽርጡ ቆሟል፤ አንዲት ሴት ፀጉሯ በግማሹ እንደተቆረጠ፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ እንዳለ ቆማለች። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። የሚያወራም በሹክሹክታ ነው።

ዶክተር ሂራል እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሰባት ሺህ ይላሉ የተማሩት። ያኔ ይህ ባሕር አልነበረም፤ ከዚህ ተነስቶ እስከ ዴንማርክ በእግር ይኬድ ነበር አሉ። እኔ በዕድሜዬ ሳየው ይህ አራተኛዬ ነው።" ግሌኒስ አራት ጊዜ አይታውም አልለመደችውም። እግሮቿ ከዚያ ጥቁር እንጨት መካከል ሲቆሙ የሆነ ነገር ከደረቷ ላይ ይነሳላታል፤ ራሷም፣ ጭንቀቷም፣ ጋዜጣውም ኢምንት ይሆኑባታል።

"ሁሉም ጉቶ ላይ የቆሙት ለምንድን ነው?"

"እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጉቶ አለው። አያቱ የቆመበት ላይ ነው የሚቆመው። የእኛ ያ፣ ሁለት እግር ያለው የሚመስለው..." ግሌኒስ ድንገት ጮኸች። "አባዬ!"

ኧርነስት በቤተሰቡ ጉቶ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ፋሻ የተጠመጠመው እግራቸው በፌስታል ታስሯል።

"ማን አመጣህ? በዚያ እግር!"

"ያ ሥጋ ሻጭ በጋሪ ገፍቶ አመጣኝ። እንደ በግ ሥጋ ተጭኜ ነው የመጣሁት" አሉ እየሳቁ። "ቀጥሎ እስኪወጣ እኔ አልኖርም፤ አልቀርም አልኩ። ይህቺ ማን ናት?"

"ሐኪሟ ናት አባዬ።"

አዛውንቱ ከጉቶው ሥር ያነሷትን አንዲት ጥቁር ፍሬ በዶክተር ሂራል መዳፍ ላይ አኖሩ። "እያት ልጄ። አይጥ ቀድዳ የበላችበት ቀዳዳ ይኸው። ሰባት ሺህ ዓመት! ቶርንማውዞች ይህ አላቸው? አሸዋ ብቻ ነው ያላቸው! ስትጨርሺ እዚያው ትመልሻታለሽ፤ ከዚህ አንድ ነገር አይወሰድም።"

ዶክተር ሂራል ፍሬዋን አገላብጣ አየቻትና ከመጣችበት አፈር በጥንቃቄ መለሰቻት። ከዚያ ዓይኗ ፌስታሉ ላይ አረፈ።

"ፋሻው መቼ ነው የተቀየረው?"

"ዘጠኝ ቀን ይሆነዋል። ያለፈው ማክሰኞ ቶርንማውዝ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ሁለተኛው አውቶቡስ ቀረ።"

"ዘጠኝ ቀን! ይቀመጡ።"

እሷም አጠገባቸው ካለ ዝቅ ያለ ጉቶ ላይ ተቀመጠችና እግራቸውን ጉልበቷ ላይ አነሳች። ዙሪያው የቆመው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሥጋ ሻጩ ኮፍያውን አወለቀ። ያ ጉቶ የሐኪሙ ነው። አሮጌው ሐኪም፣ ከእሳቸውም በፊት የነበሩት የቆሙበት ጉቶ ነው፤ ዛሬ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ባዶውን የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ማንም አልነገራትም፤ መንገርም የሚገባ አልመሰላቸውም።

ፋሻው ሲፈታ ሽታው መጣ። ዶክተር ሂራል ፊቷን አላዞረችም። "የክሊኒኩ ቁልፍ ከእርስዎ ጋር ነው?" አለቻት ግሌኒስን። "በሉ እንሂድ፤ ጋሪውም ይምጣ።"

ከኋላቸው ባሕሩ መመለስ ጀምሮ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ቁስሉ ታጥቦ እስኪታሸግ ድረስ ዶክተር ሂራል ልትመለስበት የነበረው የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ሄደ። ኧርነስት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዶክተር ሂራል እጇን እየታጠበች፣ ዞር ሳትል ጠየቀች።

"ነገ መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እዚህ ለምን እመጣለሁ?"

የግሌኒስ ኪስ ውስጥ የከተማው ምክር ቤት የላከላት ወረቀት ነበር፤ ስለ ንጹህ አየሩና ስለ ርካሽ ቤቱ የተጻፈ። ነካችው። የአባቷን እግር አየች። አንድ ቃል ቢያመልጣት ሁሉ ነገር ሊበላሽ ይችላል። ግን ከዚያ ጫካ መካከል ቆሞ የተመለሰ ሰው እንዴት ይዋሻል?

"ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች። "ስለ ባሕሩ። ድምፅም አሥራ አንድ ጊዜ ሰጥቻለሁ። ቶርንማውዝ እንዳትበልጠን ብዬ ነው።"

ዶክተር ሂራል ፎጣውን እንደያዘች ዞረች።

"በአስቀያሚነት?"

"በማንኛውም።"

መጀመሪያ የዶክተሯ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣትና ኧርነስት በእንቅልፍ ልባቸው አጉረመረሙ። "ባሕሩ ባይሸሽ ኖሮ እኮ ጫካውን አላይም ነበር" አለች ዓይኗን እየጠረገች። ቀጥላም ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀጠሮ መዝገብ ጠቆመች። "አባትዎ በሳምንት ሁለቴ መታየት አለባቸው። ማክሰኞና ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት ላይ። ይጻፉት።"

ግሌኒስ መዝገቡን ገለጠች። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው። "የሚቀጥለውን ወርም?"

"የሚቀጥለውንም።"

"በየትኛው ሐኪም ስም?"

"በእኔ። አጻጻፉን ላሳይዎት?"

"አውቀዋለሁ ሆዴ" አለች ግሌኒስና ጻፈችው።

ከዚያ ወደ መኪናዋ ወጣችና ከዘጠኙ ጋዜጣ አንዱን ይዛ ተመለሰች። ገጹን ቀድዳ በሽተኞች በሚጠብቁበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እስክሪብቶዋን አወጣችና "አንዲት ነዋሪ" ከሚለው ሥር፣ ከሩቅ እንዲታይ አድርጋ፣ ሙሉ ስሟን ጻፈች።