በባሚያ የታጠረ ፀጉር አስተካካይ

አንገትህን ቀና አድርግ ወንድሜ። አዎ፣ እንደሱ። ለዚህ ቤት እንግዳ ስለሆንክ አስቀድሜ ልንገርህ፤ በሩ ሥር ቦርሳዋን አቅፋ የተቀመጠችው ሴትዮ ተራ የምትጠብቅ እንዳትመስልህ። ሚስቴ ናት፤ እኔን ነው የምትጠብቀው። ጉንጭህን አረፋ እየቀባሁ ነገሩን አጫውትሃለሁ። ብትሰማኝም ባትሰማኝም ማውራቴ አይቀርም፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባሃል።

ስኳር በሽታ ያዘኝ። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት የምወጋው መርፌ ሰጠኝ፣ ጣፋጭ ተው አለኝ፣ አትክልት አብዛ አለኝ። እዚህ ድረስ ደህና ነበርን። የኔ ፍዳ የጀመረው ሚስቴ እህቷ ቤት ውላ «ባሚያ ስኳርን ያወርዳል» የሚል ወሬ ይዛ የመጣች ዕለት ነው። በማግስቱ አንድ ዘንቢል ባሚያ ተገዛ። ከዚያ ወዲህ ያ ዘንቢል ባዶውን ሲያድር አላየሁትም።

እኔ ባሚያ ጠልቼ አላውቅም፣ አትሳሳት። እናቴ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ስትሠራው ሳህኑን ነበር የምልሰው። ግን ለሁሉም ልክ አለው። ጠዋት ስነሳ ተዘፍዝፎ ያደረ የባሚያ ውሃ፣ ቁርስ የተቀቀለ ባሚያ፣ ምሳ ባሚያ በቲማቲም፣ ራት ደርቆ የተወቀጠ ባሚያ ሾርባ ላይ ተነስንሶ። ማንኪያውን ሳነሳ ድሩ ከሳህኑ እስከ አገጬ ይዘረጋል። ደንበኛ ሳዋራ እንኳ ምላሴ የሚያንሸራትተኝ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን ይህን ዝልግልግሽን ራስሽ ብዪው ብላት፣ ምን ገዶኝ ብላ ሳህኑን ከፊቴ ስባ ጥርግ አድርጋ በላችው። ከዚያ ተነስታ ሌላ ቀቀለች። ከዚህች ሴት ጋር ምን ትነጋገራለህ?

ባሚያው ገባና ሌላው ሁሉ ወጣ። ዳቦ ቀረ፣ ሩዝ ቀረ፣ ድንች ቀረ። ስኳሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፣ ቁልፉ በጡቶቿ መሃል ገባ። ይህም አልበቃትም። እየዞረች አደራ አለች። ፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ አደራ አለችው፣ ዳቦ ጋጋሪዋን አደራ አለቻት፣ ሻይ የምትሸጠውንም አልማረቻትም። አደራ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ሰው ገንዘብህን ይበላሃል እንጂ አደራ በላ መባልን አይወድም። ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘበኛዬ ሆኖ አረፈው። ሻይ ቤት ስገባ ሳልጠይቅ ቀጭን ሻይ ያለ ስኳር ይቀርብልኛል፣ ሁሉም በፍቅር ፈገግ ይልልኛል። ታፈንኩ ወንድሜ። ጠላት ቢከብህ ተደባድበህ ትወጣለህ፤ በፍቅር የከበበህን ምን ታደርገዋለህ?

ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ የምበላውን ጠየቀኝና ነገርኩት። ባሚያው ጥሩ ነው፣ አትተወው አለኝ፤ ግን መርፌህን ወግተህ ባሚያ ብቻ በልተህ ከቤት እንዳትወጣ፣ ከጎኑ ዳቦ ይኑር አለኝ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና አፍጥጦ አየኝ። «ላብ ላብ ካለህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ስኳርህ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ቶሎ ጣፋጭ ካልቀመስክ ትወድቃለህ። ላትነሳም ትችላለህ። ኪስህ ከረሜላ አይጥፋ።»

እቤት ገብቼ ይህንኑ ቃል በቃል ነገርኳት። ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለስኳር በሽተኛ ከረሜላ የሚያዝ ሐኪም የት አገር ነው ያለው፣ እኔን ሞኝ አደረግከኝ አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ድሮ ሻዬ ውስጥ ማንኪያው እስኪቆም ስኳር የምጨምር ሰው ነበርኩ። ነይ አብረን እንሂድና ከአፉ ስሚው ማለት ነበረብኝ። ግን ቃሌ ሳይታመን ቀርቶ ለሚስቴ ምስክር ልጥራ? እልህ ያዘኝ። ከረሜላውን ከሩቅ ሰፈር ገዝቼ፣ ይኸው እዚህ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ማበጠሪያዎች ሥር ደበቅኩት። ኪሴንማ ጠዋት ማታ ትፈትሸዋለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንድ ረፋድ ላይ፣ አንተ በተቀመጥክበት ወንበር ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ተቀምጧል። ጠዋት መርፌዬን ወግቻለሁ፣ የቀረበልኝን ባሚያ በልቻለሁ፤ ዳቦ ብዬ ብጮህ ሰሚ አላገኘሁም። የሰውዬውን ግራ ጉንጭ ላጭቼ ወደ ቀኙ ስዞር አንገቴ በላብ ራሰ። ምላጩን አየሁት፤ ጫፉ ይንቀጠቀጣል። በዚህ እጅ ሰው ደምቶ አያውቅም፣ ይህን ሰፈሩን ጠይቅ። ቀስ ብዬ ምላጩን አስቀመጥኩትና መሳቢያውን ሳብኩ። ማበጠሪያዎቹ ታጥበው፣ በመልክ በመልካቸው ተደርድረዋል። ከረሜላ የለም። ለካ ሚስቴ የዚያን ሰሞን ላግዝህ ብላ ቤቱን ስትጠርግ አግኝታው ኖሯል።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ እኔም አላውቅም። ባለሱቁን ስኳር ስጠኝ አልኩት። ሳቀ። «ጋሼ፣ እትዬ አደራ ብለውኛል» አለኝ። ስኳሬ ወርዶ ሊገድለኝ ነው፣ ሐኪም አዞኛል፣ ስጠኝ አልኩት፤ ምላሴ ግን ከብዶ ተኮላተፈብኝ። ያን ጊዜ ተናደድኩና እሱንም አባቱንም አያቱንም አንድ በአንድ ሰደብኩ። የኔ ጣጣ ይህ ነው፤ እኔ በደህና ቀኔም ስናገር የምጮህ ሰው ነኝ። ደህና ነገር ተናግሮ የማያውቅ ሰው ሲታመም ማን ይለየዋል? ባለሱቁ ጋሼ ዛሬ ደግሞ ባሰባቸው እያለ፣ ፈገግ እንዳለ፣ ስልኩን አንስቶ ሚስቴን ጠራት።

የስኳሩ ጆንያ አፉን ከፍቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዘልዬ እጄን ልሰድ ስል ባለሱቁ አንድ ክንዴን ያዘ። ልብስ ሰፊው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ተከትሎኝ ኖሮ ሌላውን ያዘኝ። ለጤናህ ነው ይለኛል፣ ይመክረኛል ደግሞ። ታገልኩ፣ ግን ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ሁለት ወዳጆቼ ይዘውኝ፣ ስኳር ጆንያ ሥር ስኳር አጥቼ ልሞት ነው። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሚስቴ እየሮጠች መጣች። በእጇ ምን እንደያዘች ልንገርህ? የባሚያ ውሃ፣ በጠርሙስ። ሰው ምን ይለናል፣ እንደ ሕፃን ከረሜላ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለህ እያለች ጠርሙሱን ከፍታ አፌ ላይ ደቀነችው። ልገፋው ብል እጄ የለም። ውሃው በአገጬ ወርዶ እሷንም እኔንም አራሰን። የሐኪሙን ቃል ልነግራት ፈለግሁ፤ የቱ ጋ እንደሚጀምር ጠፋኝ። ስድቡም ጠፋኝ። ጉልበቴ ተጣጠፈና መሬት ተቀመጥኩ።

ሁሉ ነገር ከሩቅ ይሰማኝ ጀመር። የሷ ድምፅ ተቆጥቶ ተቆጥቶ በመሃል ቆመ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አቃናችው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች። «ስደበኝ እንጂ።»

አልሰደብኳትም።

«ስኳር ስጠኝ» አለችው ባለሱቁን።

«እትዬ፣ አትስጥ ብለው አደራ ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ።»

እጇን እስከ ክንዷ ጆንያው ውስጥ ሰደደችው። ያ የባሚያ ውሃ መዳፏ ላይ ስለነበረ ስኳሩ ተጣብቆባት ወጣ፤ ያንን መዳፍ አፌ ውስጥ ከተተችው። ጥርሴ ጣቷን ነክሷት ነበር፣ እኔ አላወቅሁም። እሷም አላወጣችውም። ደጋግማ ከጆንያው ወደ አፌ፣ ከጆንያው ወደ አፌ አመላለሰች፤ እኔም እንደ ጥጃ መዳፏን ላስኩ። ትንሽ ቆይቶ የባለሱቁ ፊት ታየኝ፣ ቀጥሎ የልብስ ሰፊው አረፋ ታየኝ። የመጀመሪያ ቃሌ ምን እንደነበረ የነገረችኝ እሷ ናት። «ይህ ባሚያ ባሚያ ይላል» አልኩ አሉ። እሱን ስትሰማ ነው ያለቀሰችው።

ያኑ ዕለት ሁለታችንም ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ከአፉ ሰማችው፤ ዳቦውንም፣ ከረሜላውንም፣ ላትነሳ ትችላለህ ያለውንም። ከዚያ ወጥተን መንገድ ላይ ቆማ «በእጄ ልገድልህ ነበር» አለችኝ። የተነከሰችው ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልላ ነበር፣ ያችን ጣቷን ይዤ ወደ ቤት ሄድን።

እና አሁን አጥሩ ፈረሰ ብለህ ታስባለህ። ምን ይፈርሳል! ባሚያው አለ፣ ከጎኑ ዳቦ ተጨመረበት እንጂ። ከረሜላውም አለ፣ ግን ኪሴ ውስጥ አይደለም፤ እሷ አታምነኝም፣ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቦርሳው ያለበት እሷ አለች፣ እሷ ያለችበት እኔ አለሁ። ከሁሉ የባሰው ሌላ ነው። የዚያን ቀን አንድ ነገር ተምራለች፤ እኔ ስሳደብ ደህና ነኝ፣ ዝም ስል እየሞትኩ ነው። ቁጭ ብዬ ሐሳብ ላስብ ብል ትነሳለች። ሬዲዮ ላድምጥ ብል ትነሳለች። ሸለብ ካደረገኝም ትከሻዬን ይዛ ስደበኝ ትለኛለች። ዝምታ እንዲህ እንደሚናፍቅ አላውቅም ነበር። ሰውነቴ ደክሞት፣ የምናገረው አልቆ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የምለፈልፈው እሷን ላለማስደንገጥ ነው።

እንግዲህ ጉሮሮህ ላይ ደርሻለሁ። ይህችን ቦታ ድሮ ትንፋሼን ውጬ፣ በዝምታ ነበር የምሠራት፤ ወሬ አትወድም። አሁንም እሞክራለሁ። አንተም አትዋጥ፣ አትናገር።

ይኸው። ተነሳች። የከረሜላውን ወረቀት ስትልጥ ይሰማሃል።

«ተቀመጪ አንቺ ሴትዮ! ያ ዝልግልግ ባሚያሽ ይደፋ። አለሁ።»

አየሃት፣ ፊቷ እንዴት እንደተመለሰ። በል ወንድሜ፣ ፎጣውን ያዝ።