የኦቦ ኤጄታ የተሟላ መረጃ

አምቦ ውስጥ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ፣ ሐኪም ከማየቱ በፊት በሽተኛ የምትጠይቅ ማሽን አስገባ። በአማርኛም በኦሮምኛም ትናገራለች። አትሰለችም፣ ምሳ አትወጣም። ሥራ አስኪያጁ ምትኩ ይህን ነርሶቹ ባሉበት ማንሳት ይወዳል።

ኦቦ ኤጄታ ሆዳቸውን ይዘው ከደንዲ መጡ። ሚስታቸው አዴ ባየሽና ታላቅ ወንድማቸው ኦቦ ኦሊቃ ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

«ምንዎን ያምዎታል?» አለች ማሽኗ።

«ሆዱን ነው። ጉልበቱንም፤ እሱ እንኳ የቆየ ነው» አሉ ኦቦ ኦሊቃ።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ይኼ ሰውዬ? መድኃኒት? ሐኪም ቤት የረገጠውም ለምነነው ነው» አሉ አዴ ባየሽ።

«ሰገራዎ ምን ይመስላል?»

አዴ ባየሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ያው እንደ ሰው ነዋ።»

ኦቦ ኤጄታ ሊናገሩ ከንፈራቸውን አላቀቁ። ወንድማቸው ጭናቸውን መታ መታ ሲያደርጓቸው መልሰው ገጠሙት።

ማሽኗ አመሰገነች። ምትኩ ስክሪኑን አየና «ዘጠና ስምንት በመቶ የተሟላ መረጃ» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ዶክተር ፊራኦል መረጃውን አንብቦ የጨጓራ ሽሮፕ አዘዘ። ማሽኗ ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ የሚባል ሕመም ማስታገሻ ስለጠቆመች እሱንም ጨመረ። ዶክተሩ ስሙን ሲጠራ ኦቦ ኤጄታ ከኮታቸው ኪስ የተጋመሰ የክኒን ማሸጊያ አወጡ።

«ይኼ ከሆነስ አለኝ። ጊንጪ ነው የምገዛው። ጠዋትም ማታም እውጠዋለሁ።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስትጠይቅዎ ምነው ዝም አሉ?»

«ታላቄ እየመለሰላት እንዴት ከአፉ ልንጠቅ?»

ዶክተሩ አስታማሚዎቹ እንዲወጡ ጠየቀ።

«ታዲያ ማን ሊመልስልህ ነው?» አሉ ኦቦ ኦሊቃ እየወጡ።

በሩ ተዘጋ። «ሰገራዎስ?»

«ከሰንበት ወዲህ ጥቁር ነው። እንደ ሬንጅ።»

ዶክተሩ ማዘዣውን ቀደደ። ክኒኑ ጨጓራቸውን አድምቶት ነበር፤ አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ምን ይሆን እንደነበር አልነገራቸውም። ሆስፒታል ደውሎ አልጋ አስያዘ።

ምትኩ በበሩ ብቅ አለ። «የጎደለው እኮ ሁለት በመቶ ብቻ ነው።»

«አዎ። ሁለት በመቶው እኚህ ሰውዬ ናቸው» አለ ዶክተሩ።

ከኮሪደሩ የማሽኗ ድምፅ ይሰማል፤ በአገልግሎቱ ረክተው እንደሆነ ትጠይቃለች።

«በጣም ረክቻለሁ» አሉ ኦቦ ኦሊቃ። «ሆዴም ቀለል ብሎኛል።»