ባዶ አንገት

ስካርፌን ሆን ብዬ አልጋዬ ላይ ትቼው ወጣሁ። በአየር መንገዳችን ደንብ ያለ ስካርፍ ሥራ መግባት በባዶ እግር ከመግባት አይተናነስም፤ የበረራ አስተናጋጆች ማኅበራችንም ይህን ለተቃውሞ የመረጠው ለዚሁ ነው። ሥራ አናቆምም፣ መንገደኛ አናጉላላም፤ ሰኞ ጠዋት ግን ሁላችንም አንገታችንን ባዶ አድርገን እንገባለን። አንዷን መቅጣት ይችላሉ፣ ሁላችንን ቀጥተው ግን ማን ይበርርላቸዋል? ሐሳቡ የሩሃማ ነበር።

ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛው በበረራና በበረራ መካከል ያለው እረፍት ይጨመር የሚል ነው። ሁለተኛው የእኛ የዳር አገር ሰዎች ነው። ቀድሞ ሰርቪሱ ከየደጃፋችን ይወስደን ነበር። የቤት ኪራይ አባሮን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ስንገባ መሥሪያ ቤቱ "ከከተማ ውጭ መኪና አልልክም" አለ። ዓለምን የሚያዞር ድርጅት እንጦጦን መሻገር አቃተው። ከዚያ ወዲህ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከወተት ጀሪካን ጋር በሚኒባስ እጋፋለሁ።

"ለእናንተ ካልታገልን ማኅበር ምን ያደርግልናል?" ትለኝ ነበር ሩሃማ። የማኅበሩ ተወካይ ናት፤ አብረን ሠልጥነን አብረን ተቀጠርን። እስከ አምና ቡራዩ ነበረች፣ አሁን ቦሌ ገብታለች። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስልኬ ሲጮኽ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የምትመጣው እሷ ናት። ሌላ የሚደውልልኝም የለ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱሉልታ መብራት ጠፋ። ስልኬ ቻርጁ ሊያልቅ ሲል አላርሙ እንዳይቀርብኝ ብዬ ኤርፕላን ሞድ ላይ አደረግሁትና ተኛሁ። የአስተናጋጅ አመል ነው፤ እጃችን ሳናስበው ወደዚያች ቁልፍ ይሄዳል። ጠዋትም ያችኑ ጭላጭ ቻርጅ ለመቆጠብ ብዬ አልነካሁትም።

ስወጣ አከራዬ ኦቦ ዱቤ በረት ደጃፍ ቆመው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሉኝ።

"አካም ቡልቴ፣ ሰናይት?"

"ናጋ፣ አካም ቡልተኒ ኦቦ ዱቤ?"

"ያ ብርቱካናማው ጨርቅሽስ? በዚህ ብርድ አንገትሽን ገልጠሽ! ኋላ ትታመሚያለሽ።"

"ዛሬ ሁላችንም አናደርገውም። ተስማምተናል።"

"ቶሌ፣ ደግ አደረጋችሁ!" አሉ። "ሁላችሁም ከሆናችሁ ማን ይነካሻል?"

የሚኒባሱ መስኮት አልዘጋ ብሎ የእንጦጦ ብርድ አንገቴን ይገርፈኛል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ይኼኔ ሰበታም ቡራዩም ቦሌም ሴቶች እንደ እኔ አንገታቸው እየበረዳቸው ነው አልኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሆነ ሰው ዘመድ የሆንኩ መሰለኝ። ሰርቪሱ አሁን የሚያነሳኝ አዲሱ ገበያ ነው፤ እዚያ ስደርስ ጥሎኝ ሄዷል። እሱም አላናደደኝም፤ ቆሞ ባገኘሁት ታክሲ ከኪሴ ከፍዬ ሄድኩ።

ከበረራ በፊት የምንሰበሰብበትን የብሪፊንግ ክፍል በር ስከፍት ሁሉም አንገት ላይ ብርቱካናማ ስካርፍ አለ።

ክፍሉ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ግን አልተሳሳትኩም፤ የበረራው አለቃ አቶ መኮንን ፊት ለፊት ቆመዋል፣ ሩሃማም መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። አብረን መመደባችን እንዴት እንዳስደሰተኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስልኳ ላይ አቀርቅራለች።

"ሰናይት፣ ስካርፍሽስ?" አሉ አቶ መኮንን።

ሕፃን ሲያስመልስብን፣ ቡና ሲደፋብን እንቀይረዋለን ብለን ሁላችንም በቦርሳችን ትርፍ ስካርፍ እንይዛለን። የእኔን ትርፍ እንኳ፣ ድንገት ፈርቼ እንዳላደርገው ብዬ፣ ቤት አስቀምጬዋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ በየቦርሳው አንዳንድ ስካርፍ አለ። ወትሮ አንዲት ልጅ ረስታ ስትመጣ ከአራት አቅጣጫ ነው የሚወረወርላት። ያን ቀን ቦርሳዋን የከፈተች አልነበረችም። አቶ መኮንን ከበረራው አነሱኝ።

ሩሃማ ኮሪደር ላይ ሮጣ ደረሰችብኝ።

"ትናንት ማታ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተፈራረምን እኮ! የማኅበሩ ግሩፕ ላይ ጽፌያለሁ፣ ለምን አላየሽም?"

"መብራት የለም። ስልኬን ዘግቼው ነበር።"

"ውይ ሰኒ! እረፍቱን ጨምረውልናል።"

"ሰርቪሱስ?"

"እሱ… ወደፊት ይጠናል ተብሏል።"

"ቦርሳሽ ውስጥ ትርፍ ስካርፍ ነበረሽ አይደል?"

"ነበረኝ።" ዓይኗ እንባ ሞላ። "ተቃውሞ የሚባል ነገር አልታሰበም ብለን ነው የፈረምነው። ብሰጥሽ ተቃውሞውን የማውቅ ይመስላል። ስሚኝ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲጠራሽ ረሳሁት በይ። በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ተስማምተን ነበር ካልሽ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል፣ እኔም እባረራለሁ። ሆን ብዬ ነው ካልሽ ደግሞ አንቺ ትባረሪያለሽ።"

እስኪጠሩኝ ቤቴ ተቀመጥኩ። መብራት መጥቶ ግሩፑን ስከፍተው በጭብጨባና በአበባ ተሞልቷል። እንኳን ደስ አላችሁ ይባባላሉ። ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ፈለግሁ፤ ሰናይት ምን ሆነች ያለ ሰው የለም። ሩሃማ ደወለች፤ "ረሳሁት ትያለሽ አይደል?" ብላ ዘጋች። ከቤቱ በላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ይኼኔ ምግብ እያደሉ ነው፣ ይኼኔ መብራት እየቀነሱ ነው እላለሁ። እንዲህ ብቸኝነት የተሰማኝ የእናቴ ለቅሶ ሰው የተበተነ ዕለት ነው።

ኦቦ ዱቤ ወተት ይዘውልኝ መጡ።

"ሁላችሁም ቤት ገባችሁ?"

"አዎ" አልኳቸው።

"ጎበዞች! እንዲህ ነው እንጂ ጓደኛ።"

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲጠራኝ ስካርፌን አሳምሬ አስሬ ሄድኩ። በደንቡ መሠረት ከኮሚቴው አንዷ የማኅበሩ ተወካይ ናት። ሩሃማ እስክሪብቶ ይዛ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች። የስካርፏን ቋጠሮ አየሁት፤ ሥልጠና ላይ አልሆን ብሏት ስታለቅስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

"ረስተሽው ነው?" አሉ ሰብሳቢው፤ ሰውየው ደግ ናቸው፣ መልሱን ራሳቸው አቀበሉኝ።

ረሳሁት የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኪራይ አለብኝ፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ግን ያን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የተሰማኝ ደስታ ታወሰኝ። እሱንም ረሳሁት ልበል?

"አልረሳሁትም። ሆን ብዬ ነው። ሰርቪስ ሱሉልታ እንዲመጣልን ነው።"

"ከማን ጋር ተመካክረሽ?"

የሩሃማ እስክሪብቶ ቆመ።

"ከማንም። ብቻዬን ነኝ።"

ሩሃማ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። ከዚያም ያልኩትን ጻፈችው።

ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ሚኒባስ ይዤ ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ ስልኬ ጮኸ። የሩሃማ መልእክት ነው፤ "ስለዋሸሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ውለታሽን አልረሳም" ይላል። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የዋሸሁላት መስሎኝ ነበር። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ብቻዬን ነኝ ካልኩት የትኛው ነው ውሸቱ?

ስልኬ ቻርጁ ሙሉ ነበር። ኤርፕላን ሞድ ላይ አደረግሁት።