ከቤቱ የወጣችው

ደብዳቤው የመጣው ሐሙስ ነው፤ ገበሬው እንግዳው የሰማው ቅዳሜ። ልጁ ማስተዋል ወረታ ከተማ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስኳሩንም ሳሙናውንም ይዛ ቁሐር ሚካኤል አባቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። ያን ቀን ባዶ እጇን መጣች። እንግዳው ሩዝ እያጨደ ነበር፤ ቀና ብሎ ገና ከማዶ ሲያያት አንድ ነገር እንዳለ ገባው። ጭቃው ውስጥ ከነጫማዋ ነው የምትሮጠው።

«አባዬ! እንግሊዝ አገር ሥራ አገኘሁ!»

«እሰይ!» አለ። ሌላ ምን ይበል? አባት ነው።

እንግዳው ሌላ ሰው የለውም። ሚስቱ ታይቱ ካረፈች አራት ዓመት አለፋት፤ ከማስተዋል ሌላ ልጅ አላደለውም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን የሚገፋው ቅዳሜን እያሰበ ነው። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ እኔ ግን እናገረዋለሁ፤ ካልተናገርኩት የቀረው ነገር ፈጽሞ አይገባችሁም።

ከታጨደው ነዶ ላይ ተቀመጡ። «በይ አንብቢልኝ» አላት፤ «አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»

በስልኳ ከፍታ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሥራው ሽማግሌዎችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት ነው። ውሉ የሦስት ዓመት ነው። መልሱን እስከ ዓርብ ይፈልጋሉ።

«የራሳቸው ልጆች የሏቸውም?» አለ እንግዳው።

«ሥራ ላይ ናቸዋ፣ አባዬ።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለና ማጭዱን አገላበጠ። «እሺ፣ ቀጥይ።»

«የሥራ ቪዛውንም ስፖንሰር የሚያደርጉኝ እነሱ ናቸው።»

«ምን ማለት ነው ስፖንሰር?»

«ይህችን ሰው የምንቀጥራት እኛ ነን ብለው ለመንግሥታቸው ይጽፋሉ። መንግሥት የሚያስገባኝ በነሱ ቃል ነው።»

«ቤቱ ባይስማማሽና ሌላ ቤት ብትገቢስ?»

«ያኛውም ቤት እንደነሱ መጻፍ አለበት። የሚጽፍልኝ ሳላገኝ ከነሱ ከለቀቅሁ ስድሳ ቀን ይሰጡኛል፤ ከዚያ ወደ አገር መመለስ ነው።»

እንግዳው ማጭዱን መሬት ላይ ሰካው። «ቆይ ቆይ። ከቤቱ የወጣሽ እንደሆነ አገሩም ያስወጣሻል ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«እኔ ተቀጥሬ ሳርስ ጌታዬን ትቼ ስወጣ፣ ቢያንስ ከፎገራ ውጣልኝ አላለኝም!»

ማስተዋል ከት ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በእሱ ጉርምስና መሬት የሌለው ጎበዝ ተቀጥሮ ያርስ ነበር። ውሉ ከሰኔ ሚካኤል እስከ ሰኔ ሚካኤል ነው፤ ደመወዙ እህል ነው፤ የሚሰፈረውም ዓመቱ ሲሞላ ነው። ዓመቱ ሳይሞላ የወጣ እጁን አጨብጭቦ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ወግ ነበራቸው። ጎበዙ እሺ ከማለቱ በፊት፣ አምና በዚያ ቤት ተቀጥሮ የወጣውን ሰው ፈልጎ ይጠይቃል። ጌታውን መጠየቅማ ምን ይረባል? የቱ ጌታ ነው ቤቴ ክፉ ነው የሚል? የወጣውን ነው እንጂ፣ ያውም ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ።

«ከዚህ መጦሪያ የወጣ ሰው ታውቂያለሽ?» አላት።

ታውቃለች። ንግሥቲ የምትባል ልጅ በኮሌጅ ሁለት ዓመት ትቀድማት ነበር፤ እዚያው መጦሪያ ሠርታ ወደ ሆስፒታል ተዛወረች። አሁን ለእረፍት መጥታ እናቷን ወንዛዬ ፍል ውኃ እያስታጠበች ነው።

«ልደውልላታ!»

«ይህ በስልክ አይጠየቅም። በስልክማ ሁሉም ሰው እግዜር ይመስገን ነው፣ ሁሉም ደህና ነው። ፊቷን ማየት አለብኝ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ እሄዳለሁ።»

ማስተዋል አባቷን አየችው። «እሺ፤ እርስዎ ይጠይቁልኝ። ክፉ ቤት ነው ካሉኝ ይቅርብኝ። ደህና ነው ካሉኝ እፈርማለሁ።»

አይ ልጅ! ይህን ስትል ምን እንዳስጨበጠችው አላወቀችም። እሱ ግን ወዲያው አውቆታል።

ማክሰኞ እንግዳው የክት ጋቢውን ለብሶ፣ ከወረታ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ የቀረውን በእግሩ ሄዶ ወንዛዬ ደረሰ። ንግሥቲን ጠይቆ አላጣትም። እናቷ ውኃው ውስጥ ነበሩ፤ እሷ ዳር ተቀምጣ ልብሳቸውን ትጠብቃለች። ማን እንደሆነ ሲነግራት ብድግ ብላ ጉልበቱን ልትስም አለች፤ ከለከላት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጥያቄውን እንደ ድሮው አንድ በአንድ ጀመረ።

«ቀለቡ እንዴት ነው?»

«ራሳችን ነን የምናበስለው፣ አባቴ።»

«ብትታመሚስ?»

«ወገቤን አሞኝ ሦስት ሳምንት ተኝቻለሁ። ደመወዜን አልነኩብኝም።»

እንግዳው ጋቢውን አስተካከለ። ቆይ፣ አንድ ነገርማ አይጠፋም፣ አለ በልቡ። ከዚያ ዋናውን አመጣ። «ሲቆጡ የቪዛውን ነገር እያነሡ ያስፈራራሉ?»

ንግሥቲ ፊቷን ወደሱ አዞረች። «ይህን ጥያቄ ማን ነገረዎ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ደመወዙን ነው።» ድንጋዩን ሳብ አድርጋ ቀረብ አለች። «ሌላ ቤት የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ፤ ቀና ባሉ ቁጥር ‹ቪዛሽ በእጃችን ነው› ይባላሉ። አንዲቷማ ፈርታ ታምማም ከሥራ አትቀርም።»

እንግዳው ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው! ምን ላድርግ፣ እንዲያ ነው የሆነው።

«የኛዋ ኃላፊ ሴትዮ ግን እንደዚያ አይደለችም» አለች ንግሥቲ። «ለሆስፒታል ማመልከቴን ስነግራት ተቆጣች፤ አልዋሽዎትም። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ነገር ግን ሆስፒታሉ ወረቀቴን እስኪጨርስ አራት ወር ሥራዬ ላይ አቆየችኝ። በማግስቱ ልታስወጣኝ ትችል ነበር እኮ፤ አላደረገችውም። ሥራው ይከብዳል፤ ብቸኝነቱም አይጣል ነው። ቤቱ ግን ደህና ቤት ነው። እህቴ ብትሆን ሂጂ እላታለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ አልነበረውም። መርቋት ተነሣ።

ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ነገሩን ይደረድር ጀመር። ሲደረድረው ደግሞ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም። ሥራው ይከብዳል ብላለች፤ ብላለች። ብቸኝነቱ አይጣል ነው ብላለች። ሴትዮዋ ተቆጥታ ሳምንት ሙሉ አላናገረቻትም። ‹ቪዛሽ በእጃችን ነው› የሚለውም ከአፏ የወጣ ነው፤ የማን ቤት እንደሆነ አለመናገር ብቻ ነው የሚቀረው። አራቱን ወር መዝለል፣ መጨረሻውን መዋጥ፣ በቃ። ማስተዋል እንደሆነች ደውላ አታጣራም፤ የአባቷን ቃል በሰው የምታጣራ ልጅ አላሳደገም። ቅዳሜም ቅዳሜ ሆኖ ይቀጥላል። ወረታ ሲገባ ነገሩ አልቆለት ነበር፤ እንዲያውም የሚያዝንበትን ፊት ሳይቀር ተለማምዷል።

ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ክሊኒኩ ሲያቀና የአገሩን ሰው በላቸውን አየው። በላቸው ሩዝ አስፈልፍሎ አህያው ላይ እየጫነ ነበር።

«እንደምን ዋልክ፣ እንግዳው?» አለ በላቸው እንደ ልማዱ።

እንግዳውም እንደ ልማዱ ፊቱን አዙሮ አለፈ።

የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እንግዳው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ ደህና ገበሬ ልቅጠርህ አለው። እሱም እንደ ወጉ ከዚያ ቤት የወጣውን ፈልጎ ጠየቀ። የወጣው በላቸው ነው። «አትግባ፤ ክፉ ቤት ነው» አለው ዓይኑን እያየ። እንግዳው አመነውና ሌላ ቤት ገባ። ጥቅምት ላይ ወባ ጣለው፤ ጌታው «ለታመመ የሚሆን ቀለብ የለኝም» ብሎ አስወጣው። አንድ ቁና እንኳ ሳይሰፈርለት፣ እየተንቀጠቀጠ እናቱ ቤት ገባ። ኋላ ሲሰማ፣ በላቸው ለካ በመውጣቱ ተጸጽቶ ኖሯል! ክፉ ቤት ነው ያለው ቦታው እንዳይያዝበት ነው። ተመልሶ እዚያው ቤት ገባ፤ በሦስተኛው ዓመት በሬ ይዞ ወጣ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድ ደብር ያስቀድሳሉ፤ እንግዳው ግን ሰላምታውን መልሶለት አያውቅም።

ጥቂት እንደሄደ እግሩ ቆመ። ዞሮ በላቸውን አየው። በላቸው ጎንበስ ብሎ የአህያውን መጫኛ ያጠብቃል፤ ጸጉሩ ፈጽሞ ሸብቷል። እንግዳው ብዙ ቆመ፤ ባጃጁ ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ በጎኑ ያልፋል።

ማስተዋል ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ከክሊኒኩ ወጥታ በር ላይ አገኘችው። «እህ? ምን አለች?»

«ሥራው ይከብዳል አለች» አለ።

«እሺ።»

«ብቸኝነቱም አይጣል ነው አለች።» ማስተዋል ጠበቀችው። አንገቷን ዝቅ ስታደርግ፣ ይቅርብኝ ልትል እንደሆነ አየ። አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ቤቱ ግን ደህና ቤት ነው። ሌላ ሥራ አግኝታ ስትወጣ እንኳ አራት ወር ጠብቀውላታል። በቪዛው አያስፈራሩም። ፈርሚ።»

ልጅቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ቆየት ብላ ፊቱን አየችና «ታዲያ ምን ሆኑ?» አለችው።

«ክፉ ነው ልልሽ ነበር። ከወንዛዬ እስከዚህ ስደረድረው ነው የመጣሁት። እንድትሄጂ አልፈልግም፣ ልጄ። ቅዳሜን ምን አደርገዋለሁ?»

ማስተዋል እንባዋ መጣ። «ታዲያ ለምን አላሉኝም?»

«አንድ ቀን ሰምተሽ ሰላምታ እንዳትነሺኝ ፈራሁ» አለ።

ሐሙስ ዕለት ፈረመች።

እሑድ እንግዳው ቁሐር ሚካኤል አስቀድሶ ሲወጣ በላቸው ከበሩ አጠገብ ጫማውን ያጠልቃል። እንግዳው ፊቱ ሄዶ ቆመ።

«እንደምን አደርክ፣ በላቸው?»

በላቸው ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየ። ማንም የለም። አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ ተነሣ።

«እግዚአብሔር ይመስገን… እንግዳው? ደህና ነህ? ምን ሆነሃል?»

«ልጄ ልትሄድብኝ ነው» አለው።