የዋርዳ ስድስት ወር

ጥፋቱ የኔ ነው። አጥፍተሻል ያለኝ ሰው የለም፤ ዋርዳም አላለችኝም። ግን የኔ ነው።

ዋርዳ ጅጅጋ ውስጥ በምንሰራበት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምር ነበር። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። የመምህራን ፊርማ መዝገብም እኔ ጋ ነው። በ2011 የካቲት መጀመሪያ ላይ አዲጋላ ያሉት እናቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ከሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ርዕሰ መምህራችን ሮብሌ ነገሩን ባንድ ደቂቃ ጨረሰው። ሂጂ፣ ክፍለ ጊዜሽን እንከፋፈለዋለን፣ ፊርማውን እናትአለም ትፈርምልሻለች አላት። እዚህ እንደዚህ ነው የሚኖረው። እናቱ ታማ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ያስቃል።

እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሰው ባልዋለበት አልፈርምም አልኩ። ሮብሌ፣ ይቺ ሴትዮ ጀነት በር ላይም ፈርማችሁ ግቡ ትላለች ብሎ አሳቀብኝ። ዋርዳ አልሳቀችም። ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችኝ። ደመወዝ የሌለው ፈቃድ ጠይቂ፣ ቦታሽን ማንም አይነካብሽም፣ ያልሰራሽበትን አትብዪ አልኳት። ማመልከቻውን አብሬያት ጻፍኩ። ስድስት ወር ተፈቀደላት። እናቷን አስታማ፣ ቀብራ ተመለሰች። ጡረታ የሚባል ነገር ማናችንም ትዝ አላለንም። በሰላሳ ዓመቱ ጡረታ የሚያስብ ማን አለ?

አራት ዓመት ቆይቶ ጉሮሮዋን አመማት። ጠመኔው ነው፣ ሻሂ ሲፋጅ እየጠጣሽ ነው ስንል ከረምን። አዲስ አበባ ታይታ ስትመጣ ካንሰር ነው አለችን፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ። የሕመም ፈቃድ ወጣች። ሦስት ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሦስት ወር በግማሽ። ሁለት ወር ደግሞ ያለ ደመወዝ ይፈቀዳል። እሱን ሳትጠይቅ በፊት ጡረታ ቢሮ ሄዳ አገልግሎቷን አስቆጠረች። ባሏ ቶጎጫሌ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ቆይቷል። ሁለት ሴት ልጆች ናቸው ያሏት፣ ሂባቅና ዐምራን። ትልቋ አሥራ አምስት፣ ትንሿ ስምንት።

አሥር ዓመት ያገለገለ መምህር ሲሞት ልጆቹ በየወሩ ጡረታ ይቆረጥላቸዋል። ካልሞላ አንዴ ትንሽ ነገር ይሰጣቸዋል፣ በቃ። ዋርዳ መስከረም ሲጠባ ከተቀጠረች ድፍን አሥር ዓመቷ ነው። ቢሮው ግን ዘጠኝ ዓመት ከስድስት ወር ነው የሚኖርሽ አላት። ደመወዝ ያልተከፈለበት ወር አይቆጠርም። አዲጋላ እናቷን ስታገላብጥ የከረመችበት ጊዜ በሙሉ የለም።

ይህን መጥታ ስትነግረኝ ማመልከቻውን አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።

መስከረም ላይ ክፍል ገባች። እስከ የካቲት መጨረሻ መቆየት አለባት። ጥቅምት ላይ መቆም አቃታት፣ ወንበር አስገባንላት። ኅዳር ላይ በውሃ ከቀጠነ የግመል ወተት በቀር የሚወርድላት ነገር አልነበረም። ባጃጁ ግቢ ገብቶ ክፍሉ በር ላይ ያወርዳታል። ድምጿ ሲሳሳ፣ መምህር የማይፈራው ሰባተኛ ለ ዝም ይል ጀመር። ፊት የምትቀመጠው ተማሪ ካፊያ ከአፏ እየሰማች ለኋለኞቹ ጮክ ብላ ትደግማለች። ሮብሌ በመስኮት አየና ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ታኅሣሥ ላይ ቤቷ ሄድኩ። ፍራሽ ላይ ጋደም ብላለች። ልጆቹን ሱቅ ልኬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"ከነገ ጀምሮ አትምጪ" አልኳት። "እኔ እፈርምልሻለሁ።"

"አንቺ?"

"እኔ። ከሮብሌ ጋር ጨርሰናል። ማንም አያውቅም።"

ትንሽ ሳቀች፣ ሳቁ አሳላት። እስኪለቃት ጠበቅኩ።

"አባዮ" አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው። "ያኔ ያልሰራሽበትን አትብዪ አልሽኝ። ልክ ነበርሽ።"

"ልክ አልነበርኩም።"

"ነበርሽ። በውሸት የሞላ ነገር ለየቲም፣ ወላጅ ለሌለው ልጅ፣ ሐራም ነው። ለልጆቼ እሱን ትቼላቸው አልሄድም።"

ለመንኳት። ተቆጣኋት። ስለ ሃይማኖቷ የማላውቀውን ሁሉ አወራሁ፣ አላህ መሐሪ ነው ብዬ ሰበክኳት። ዓይኗን ጨፍና አስጨረሰችኝ። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጥታ ፈረመች።

ጥር ሄደ። የካቲት ሄደ። በመጨረሻው ቀን ስትፈርም እስክሪብቶው ከመስመሩ ወጣ። መዝገቡን ዘግቼ ሞላልሽ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ረመዳን በገባ በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

ከኢድ በኋላ ሂባቅን ይዤ ጡረታ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ፋይሉን ገልብጦ ገልብጦ፣ እንዲህ የተሟላ አይመጣልኝም አለ። አንድ ወረቀት አልጎደለም። ልጅቷ አመሰገነችው። እኔ አላመሰገንኩትም፤ ምን አድርጎ።

ውጪ ባጃጅ ስንጠብቅ ሂባቅ ነጠላ ጫማዋን እያየች አወራችኝ። እናቷ በነዚያ ወራት ቤት ስትገባ አታወራም ነበር። ስትፈልጋቸው ታጨበጭባለች፣ ሌላውን ደብተር ላይ ትጽፍላቸዋለች። ምሳ ብሉ። ዐምራንን እጠቢያት። በሩን ዝጊ። ድምፅ አይተርፋትም፣ ክፍል ውስጥ አልቆ ነው የምትመጣው።

"ትናንት ዐምራን የእማዬ ድምፅ ምን ዓይነት ነበር አለችኝ" አለች። "ላሳያት ብዬ ሞከርኩ። ጠፋብኝ።"

ዓይኗን ከጫማዋ አነሳች።

"ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ ምን ትል ነበር?"

ሒሳብ አልችልም አልኳት። አልበቃትም፣ ፊቴን ታያለች። በመስኮቱ አጠገብ ሳልፍ የሰማሁት አንድ ነገር ነበር፣ ስለ ክፍልፋይ። እሱን ነገርኳት። "ታችኛው ቁጥር ካልተመሳሰለ አትደምሩ፣ መጀመሪያ አመሳስሉ ትላቸው ነበር። ቀስ ብላ ነው የምትለው። ሁለት ሦስት ጊዜ።"

ባጃጅ መጥቶ ቆመልን። ሾፌሩ ወዴት ነው አለ። ሂባቅ አልተንቀሳቀሰችም።

"ሌላስ?" አለችኝ።