ከእረፍት በኋላ

ማቴዌሬ የናምቴማ ዩኒቨርሲቲን ሁለገብ አዳራሽ መጠበቅ ከጀመረ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ጠዋት ለፈተና የደረደረውን ወንበር ከሰዓት አንስቶ የመጫወቻ መረብ ይወጥራል፤ እሁድ ደግሞ ለጸሎት ማኅበሩ ምንጣፍ ያነጥፋል። ለጣውላው ወለል ይሳሳለታል። በቆሻሻ ጫማ የረገጠውን ፕሮፌሰር ሳይቀር ይቆጣል።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ ጣሪያው በአንደኛው ግብ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ማቴዌሬ ለጥገና ክፍሉ ሁለት ጊዜ ጻፈ። ይታያል አሉት እንጂ ያየው ሰው አልነበረም።

የቅርጫት ኳስ መሰሉ የሴቶች ኔትቦል ፍጻሜ ዕለትም ዝናቡ አላባራም። ማቴዌሬ ከጨዋታው በፊት ወለሉን ደህና አድርጎ አደረቀ። በእረፍት ሰዓት ሊደግመው ሲል ግን ለክብር እንግዶች ወንበር አንሷል ተባለና ወደ ዕቃ ቤት ሮጠ። ሲመለስ ጨዋታው ቀጥሏል። ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲው ግብ አስቆጣሪ ቲዮንጌ ኳስ ለመቀበል ዘልላ ስታርፍ እግሯ አዳልጧት ጉልበቷ ተጎዳ። ጩኸቷን አዳራሹ በሙሉ ሰማው። ቡድኑም ያለ እሷ በአንድ ግብ ተሸነፈ።

ማቴዌሬ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ሚስቱ ናፊሌ ንሲማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ አቅርባ ብትለምነው እንቢ አላት። በሦስተኛው ቀን ሙዝ ይዞ ሆስፒታል ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ድፍረቱ ከዳው፤ ሊመለስ ሲል ቲዮንጌ አይታ ጠራችው።

"ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አላት እንደ ቆመ። "መወልወያውን ጥዬ ወንበር ላመጣ ሄድኩ።"

ቲዮንጌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ ውሃውን እኮ አይቼው ነበር" አለችው። "ለዳኛዋ ብነግራት ጨዋታውን ታቆመዋለች። እኛ ደግሞ እየመራን ነበር። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።"

ማቴዌሬ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። "እያየሽው ረገጥሽው?"

"እየዞርኩት ነበር። ኳሷ ስትመጣ ረሳሁት።"

"እኔ ልወቀስ ብመጣ አንቺ ቀደምሽኝ በያ" አለና ሙዝ ልጦ ሰጣት። ቲዮንጌ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። እሱም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከሆስፒታል እንደ ወጣች ለጥገና ክፍሉ የጻፋቸውን የሁለቱን ደብዳቤዎች ቅጂ ጠየቀችው። ሦስተኛውን ራሷ ጻፈች፤ አይታ ዝም ማለቷንም አልደበቀችም። ሁለቱም ፈረሙበትና አብረው ወደ ጥገና ክፍሉ ኃላፊ ሄዱ። ኃላፊው እንደ ልማዱ ይታያል ሲል ቲዮንጌ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ሠራተኛ እስኪላክ እንደምትጠብቅ በትሕትና ነገረችው። ሰውየው ጉልበቷን አየ፣ ማቴዌሬን አየ፣ ስልኩን አነሳ። በሳምንቱ ጣሪያው ተደፈነ።

ጉልበቷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሐኪሙ መዝለሉን እርሺው አላት። ብዙ ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ስትወጣ የዳኝነት ትምህርት ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ማቴዌሬ ቤት ትበላለች፤ ናፊሌ ድሮ የእሱ የነበረውን ትልቁን የዓሣ ቁራጭ ለእሷ ታስቀምጣለች። ማቴዌሬ ቅር ይለዋል፤ ግን አይናገርም።