«ለታናሽ ወንድሜ ነው»

«ለታናሽ ወንድሜ ነው» አለ የሽዋስ፣ ዓይኑን ከተሰቀለው ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ላይ ሳይነቅል።

ሙላቷ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ የልጆች ልብስ ስትሸጥ ኖራለች፤ እንዲህ በር በሩን እያየ የሚገባ ወንድ ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ለይታ ታውቃለች።

«ልጁን ይዘኸው ብትመጣ አይሻልም?»

«አገር ቤት ነው ያለው። ግን በእኔ ልክ ነው፤ እኔ ብሞክረው ይሆናል።»

«በአንተ ልክ?» ሳቋን ዋጥ አደረገች። «በል ግባ፣ መጋረጃው ያውልህ።»

የሽዋስ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ቁመቱ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቹ አልፎ አልሄደም። ቀጭንነቱ ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው! ሥራ የጀመረ ዕለት ዘበኛው «ዩኒፎርምህስ?» ብሎ በር ላይ አስቁሞታል። እሑድ ለዘመናይ ቀለበት ሊያስር ነው፤ የእሷ ቤተሰቦች ሮብ ገበያ ከተማ ስለሚኖሩ እስካሁን አላዩትም። የላካቸው ሽማግሌዎች ጠባዩንና ሥራውን አሞግሰው ሲመለሱ ቁመቱን ማንም አልጠየቀም፤ እነሱም አላነሡም። «ሙሽራውስ የታል? ይሄ ልጅ ማን ነው?» እንዳይሉት ነው ፍርሃቱ ሁሉ።

በአዋቂ ልብስ ቤቶች ሲዞር ሰንብቷል። ትንሽ የተባለው ኮት እንኳ እጁን ይውጠዋል። ሱሪ እንዲያጠብለት የለመነው ልብስ ሰፊ ለክቶ ለክቶ፣ «ይሄን ያህል ከጠበበማ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ» ብሎ መለሰለት። የማስጠበቢያው ዋጋ ደግሞ ከልብሱ አያንስም። የልጅ ልብስ ግን ተሰፍቶ ያለቀ፣ ያውም በግማሽ ዋጋ!

ከመጋረጃው ጀርባ ለበሰው። ኮቱ ትከሻው ላይ ቁጭ አለ። እጅጌው አንጓው ላይ ቆመ፤ ሱሪውም ጫማውን ነካ አድርጎ በቃ። ልብስ በዕድሜው እንዲህ አምሮበት አያውቅም። ለብቻው እንደ ልጅ ፈገግ አለ።

ይሄኔ ከውጭ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

«እንዴት ዋልሽ ሙላቷ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! አያ አለበል፣ ከሮብ ገበያ መቼ ገቡ?»

የሽዋስ አጮልቆ አየ። ዘመናይ በስልኳ ያሳየችው ፎቶ ላይ ያሉት አባቷ ራሳቸው ናቸው! ፎቶው ላይ በቅሎ ላይ ተቀምጠው ስለነበር ቁመታቸውን አላየም። እዚህ በእግራቸው ሲቆሙ ግን ከሙላቷ ባንኮኒ እምብዛም አይበልጡም። ከእሑድ በፊት አማት ፊት መታየት ነውር ነው፤ ያውም በልጆች ልብስ ቤት። መጋረጃውን ቀስ ብሎ መለሰው።

«ያ ሰማያዊው የት ሄደ? ባለፈው አይቼው የሄድሁት፣ ለልጅ ልጄ።»

«ልጁን ይዘውት ቢመጡ…»

«በእኔ ልክ ነው።»

ሙላቷ አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት። «አያ አለበል፣ ይሄ የልጅ ልጅዎ አያድግም እንዴ? አምናም ዘንድሮም ያው በእርስዎ ልክ!»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ላድርግ ልጄ» አሉ። «እሑድ የዘመናይ ቀለበት ነው። የልጁ ወገኖች የተማሩ ናቸው አሉ፤ መቼም ዘለግ ዘለግ ያሉ ይሆናሉ። በተንዘላዘለ ኮት እጄ ጠፍቶ ስቀበላቸው ‹አባትየው ይሄ ነው?› እንዳይሉ ፈራሁ። ለእኔስ ግድ የለም፤ ልጄን እንዳላሳፍራት ነው።»

የሽዋስ ሆዱ ባባ። እሱ እሳቸውን ሲፈራ፣ እሳቸው እሱን ሲፈሩ! የጓሮ በር ቢኖር ኖሮ ቅድም ሹልክ ይል ነበር፤ አሁን ግን ቢከፍቱለትም አይሄድም። መጋረጃውን ገለጠና ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ የሽዋስ ነኝ። ሰማያዊው እኔ ላይ ነው። ታናሽ ወንድም ደግሞ የለኝም።»

አያ አለበል ጠጋ አሉት። አንዱ ቀና፣ ሌላው ዝቅ ማለት ሳያስፈልገው ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ሽማግሌው ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ዘለግ ያለው አንተ ነህ? ዘመናይ እኮ ምንም አልነገረችኝ!»

«ለእኔም አልነገረችኝም።»

«እስኪ ዙር ልይህ። እሰይ! እንዴት አምሮብሃል! በል አንተው ውሰደው።»

«አይሆንም፤ ቀድመው ያዩት እርስዎ ነዎት።» ኮቱን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገው። «ሱሪውን ገብቼ አወልቅልዎታለሁ።»

ኮቱ እሳቸውም ላይ ቁጭ አለ። ሙላቷ እየሳቀች ከላይኛው መደርደሪያ ጥቁር ሙሉ ልብስ አወረደች። የደረት ኪሱ ላይ ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን ተጠልፎበታል።

«በዚህ ልክ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። ለጥልፉ አታስብ፣ አሁኑኑ እተረትረዋለሁ።»

የሽዋስ ጥቁሩን ኮት ለብሶ መስተዋቱ ፊት ቆመ። አማቱ ከጎኑ በሰማያዊ ኮት ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። ሙላቷ መቀሷን ይዛ ቀረበች።

«ተይው» አላት፣ አውሮፕላኑን በመዳፉ ሸፍኖ። «እሑድ ከነአውሮፕላኑ ነው የምሄደው።»